አዲሱን አዳራሽ ከመጨረሻው ወንበር ጀምሩት

ጉባኤው አድጎ ሰው በመስኮት ማዳመጥ ሲጀምር የግንባታ ኮሚቴ ይቋቋማል። የኮሚቴው የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ሰው ይያዝ?» ነው፤ ሁለተኛው «ፊቱ ምን ይምሰል?»። እኔም እንዲህ ባለ ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጬ አውቃለሁ። በኮርኒሱ ጌጥ ብቻ ሁለት ወር ተከራክረናል። ከመጨረሻው ረድፍ የሚቀመጥ ሰው ስብከቱን ይሰማው እንደሆነ ግን ማናችንም አልጠየቅንም።

መልሱ የመጣው አዳራሹ ከተመረቀ በኋላ በመጀመሪያው እሁድ ነው። ከኋላ ተቀምጬ ሳለ አጠገቤ የነበሩ አንዲት እናት ወደ ጆሮዬ ጠጋ እያሉ «ልጄ፣ ምን አሉ?» ይሉኛል። እኔም ግማሹን እየገመትኩ እነግራቸዋለሁ። የሰባኪው ቃል ከጣሪያው ተመልሶ በሚቀጥለው ቃል ላይ ይደረባል። በጠባቡ አሮጌ ቤት ሳለን እኚሁ እናት አንድ ቃል አያመልጣቸውም ነበር።

ነገሩ ምሥጢር አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1895 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አዲስ ባሠራው የንግግር አዳራሽ ተናጋሪ አልሰማ ብሎ ስላስቸገረ፣ ዋላስ ሳቢን የተባለ ወጣት የፊዚክስ መምህር መላ እንዲፈልግ ታዘዘ። በባዶው አዳራሽ አንድ ድምፅ እስኪጠፋ 5.5 ሰከንድ ያህል ይፈጅ ነበር። ሳቢን ከአንድ ቲያትር ቤት የመቀመጫ ትራስ በሌሊት እያስመጣ፣ እየደረደረና እየለካ ሕጉን አገኘው፦ ድምፁ የሚቆይበት ጊዜ አየር የሚይዘው ቦታ በሰፋ ቁጥር ይረዝማል፤ ድምፅ የሚመጥጥ (ውጦ የሚያስቀር) ነገር በበዛ ቁጥር ያጥራል።

በዚሁ ሕግ አንድ አዳራሽ እናስላ። ርዝመቱ 30፣ ስፋቱ 20፣ ከፍታው 10 ሜትር ይሁን፤ ግድግዳውና ጣሪያው ልስን፣ ወለሉ ሴራሚክ። 600 ሰው ሲሞላው ድምፅ ወደ 3 ሰከንድ ይቆያል። ግማሹ ሰው ሲቀር ወደ 5 ሰከንድ ይጠጋል፤ ልብስና ሰውነት ድምፅ ይመጥጣሉና። ለንግግር የሚመቸው ደግሞ ከ1 ሰከንድ እምብዛም ያልራቀ ነው። ጣሪያው በሙሉ ድምፅ በሚመጥጥ ሰሌዳ ቢለበስ ያው የሞላ አዳራሽ ወደ 1.3 ሰከንድ ይወርዳል። ይህን ለማወቅ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃል።

«ድምፅ ማጉያ ይፈታዋል» የሚል ሰው ከየኮሚቴው አይጠፋም። ማጉያው ግን ቃሉን ሲያጎላ ማስተጋባቱንም አብሮ ያጎላዋል። የሚረዳው ወደ ሕዝቡ ብቻ አነጣጥሮ ሲሰቀል ነው፤ እሱም ቢሆን የተበላሸ አዳራሽን አያክምም። ጉልላት የሚወዱም ይጠንቀቁ፤ ጎድጎድ ያለ ጣሪያ ድምፁን ሰብስቦ አንድ ቦታ ላይ ይጥለዋል፣ ሌላው ይራባል።

«ሰሌዳው ማስተጋባቱን ያጠፋብናል» የሚለው የመዘምራን ቅሬታ ግን እውነት አለበት። ለዝማሬ 2 ሰከንድ ያህል ማስተጋባት ያምራል፤ በማያስተጋባ ደረቅ አዳራሽ መዘመር ያደክማል። እኔ ብመርጥ ለቃሉ አደላለሁ። ለመዘምራኑ ከጀርባቸው ጠንካራ ግድግዳ እተውላቸዋለሁ፤ ድምፅ የሚመጥጠውን ነገር ጣሪያውና የኋላው ግድግዳ ይሸከሙ።

ስለ ብዛቱ የምለው አጭር ነው። አዳራሹን በዓመት አንዴ በሚመጣው ሕዝብ ልክ አትለኩት፤ ባዶ ወንበር በበዛ ቁጥር ማስተጋባቱም ይብሳልና። ሁለተኛ መርሐ ግብር መጨመር ከግንባታ ይረክሳል። የኋላው ግድግዳ ጣሪያውን የማይሸከም ሆኖ ከተሠራ ደግሞ ጉባኤው ሲያድግ ፈርሶ ወደ ኋላ ይገፋል።

እኛ መጨረሻ ላይ ባለሙያ ጠርተን ድምፅ የሚመጥጡ ሰሌዳዎችን ከጣሪያው አንጠለጠልን። እናታችን አሁን ይሰማሉ፤ ከኋላም አልተነሡም። ሁለት ወር የተከራከርንበት የኮርኒስ ጌጥ ግን በሰሌዳዎቹ ተሸፍኖ አይታይም።