የሄክታሩ ቁጥር ከየት መጣ?
በድሬዳዋው የመስኖ ፕሮጀክት ሪፖርት "በመስኖ የለማ" ተብሎ የተጻፈው ሄክታር ቦይ የደረሰበት እንጂ ውሃ የጠጣ መሬት አይመስለኝም፤ ሪፖርት ላይ ሁለቱ ሁሌም ይምታታሉ። ማጣራቱ ከባድ አይደለም፤ 200 ሊትር በርሜል ፓምፑ አፍ ላይ ደቅኖ ሰዓት መያዝ ነው። በ40 ሰከንድ ከሞላ በሰከንድ 5 ሊትር ነው፤ በቀን 10 ሰዓት ቢሠራ 180 ሜትር ኩብ። በአፈር ቦይ 40 በመቶው መንገድ ላይ ይቀራል እንበል፣ ማሳው የሚያገኘው 108 ነው። በድሬዳዋ ሙቀት ሰብሉ በቀን 6 ሚሊ ሜትር ቢፈልግ ለአንድ ሄክታር 60 ሜትር ኩብ ይሄዳል። እንግዲህ ያ ፓምፕ ሁለት ሄክታር እንኳ አይሞላም! የሥልጠና ተሳታፊ ስም ዝርዝር ከማያያዝ ይህቺን አንድ መስመር ስሌት ማስገባት ይሻል ነበር። "ሶላር ፓምፕ ከገባ ነዳጅ ቀረ፣ ችግሩ አለቀ" ለሚሉት ደግሞ፦ ነዳጅ ሲወደድ ገበሬው ፓምፑን ያጠፋል፤ ፀሐይ ግን ስለማታስከፍል ከጠዋት እስከ ማታ ይስባል፣ የጉድጓዱ ውሃም ይወርዳል። የሐሮማያ ሐይቅ ደርቆ የነበረው እኮ እዚሁ አጠገባችን ነው። ስለዚህ በየወሩ፣ ንጋት ላይ ፓምፑ ሳይነሳ፣ ከጉድጓዱ አፍ እስከ ውሃው ያለውን ጥልቀት ለክቶ መመዝገብ ግድ ነው፤ ፓምፑ እየሠራ የተለካው ከዚያ ጋር አይወዳደርም። የጠብታ መስኖውም (ቀዳዳ ባለው ቱቦ ውሃ ጠብ እያለ የሚያጠጣው) ቢሆን በርክክቡ ቀን ሁሉም ያንጠባጥባል። ውሃው ኖራ ከበዛበት ቀዳዳው ቀስ በቀስ ስለሚደፈን፣ ከአንድ በጋ በኋላ ከመስመሩ መጀመሪያና መጨረሻ በእኩል ደቂቃ በብርጭቆ ተቀብላችሁ አነጻጽሩ።