«ከአቅም በላይ አይሰጥም» የሚል ቃል የለም

እህቴ፣ ባሏን ላጣችው ጎረቤትሽ «እግዚአብሔር ከአቅም በላይ መከራ አይሰጥም ይላል ቃሉ» ብለሽ ጽፈሽላታል። በቅንነት እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ቃሉ እንደዚያ አይልም።

ሰው የሚጠቅሰው፣ እግዚአብሔር ከምንችለው በላይ እንድንፈተን እንደማይፈቅድ የሚናገረውን 1ኛ ቆሮንቶስ 10፥13ን ነው። እዚያ የተባለው «ፈተና» ወደ ኃጢአት የሚስበው ነው፤ ቀጣዩ ቁጥር ራሱ «ጣዖትን ከማምለክ ሽሹ» ይላል። እኛ ግን በአማርኛ መከራንም «ፈተና» ስለምንል ሁለቱ ይምታቱብናል።

ባለፈው ክረምት ኮዬ ፈጬ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ነበር። ንፍሮው ሴትየዋ እጅ ላይ ቀዝቅዟል። አንዱ «ከአቅም በላይ አይሰጥም» ሲላት ቀና አለችና «ታዲያ እኔ ለምን አቃተኝ?» አለች። ድምጿ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ሊያጽናናት የመጣው ቃል እምነቷን እንድትጠራጠር አደረጋት።

ጳውሎስ እኮ በእስያ ከአቅሙ በላይ እንደከበደው፣ በሕይወት ለመኖር እንኳ ተስፋ እንደቆረጠ በግልጽ ጽፏል (2ኛ ቆሮንቶስ 1፥8-9)። ምክንያቱንም እዚያው ይናገራል፤ በራሳችን ሳይሆን ሙታንን በሚያስነሣው አምላክ እንድንታመን ነው።

ስለዚህ «ትችይዋለሽ» አትበያት። «ከብዶሻል፣ አብሬሽ ነኝ» በያትና ትንሽ እንጀራ ይዘሽ ሂጂ። አርባው እስኪወጣ ማታ ማታ ብቻዋን አትተዋት።