3 ወይስ 13?

ባለፈው ቅዳሜ ደሴ ፒያሳ ሻይ ይዘን በተቀመጥንበት፣ የማውቃቸው ሁለት የሶፍትዌር ባለሙያዎች በአንድ ቁጥር ተከራከሩ። ታላቅየው ኮምቦልቻ ላለ አንድ ነጋዴ የመጋዘን መመዝገቢያ የሚሠራውን ቡድን ይመራሉ፤ ወጣቱ በቡድኑ ውስጥ ፕሮግራመር ነው። የክርክሩ መነሻ «ደረሰኝ ማተም» ለተባለ ሥራ መሪው 3፣ ወጣቱ 13 ነጥብ (የሥራ ክብደት ግምት) ሰጥተው በ5 ከተስማሙ በኋላ፣ ሥራው የስፕሪንቱን፣ ማለትም የቡድኑን የአንድ ዙር ሥራ፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ መብላቱ ነበር።

«ነጋዴው የሚያውቀው ቀን እንጂ ነጥብ አይደለም» አሉ መሪው። «ስለዚህ አንዱን ነጥብ በግማሽ ቀን አስልቼ ነገርኩት።»

«ነገሩን ያበላሸው እሱ ነው፣ ጋሼ። ነጥብ አንዱን ሥራ ከሌላው ለማነጻጸር ነው። ሐረጎ ላይ ጉም ሲወርድ የኮምቦልቻ መንገድ አይረዝምም፤ የሚረዝመው ሰዓቱ ነው። ነጥብን የፈጠርኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም ያለው ሮን ጄፍሪስ እንኳ መጸጸቱን ጽፏል።»

«አብሽር፤ ሾፌርም እኮ ስንት ሰዓት ትደርሳለህ ሲባል መልስ አያጣም።»

«አያጣም፤ ግን ‹ጉም ከሌለ› ይላል።»

በእኔ እምነት ገንዘብ የሚከፍል ሰው ቀን መጠየቁ ነውር የለበትም፤ በዚህ መሪው ትክክል ናቸው። ቀኑ ግን ነጥብ ተባዝቶ ሳይሆን፣ ባለፉት ስፕሪንቶች በእርግጥ ያለቀው ሥራ ታይቶ «ከዚህ እስከዚህ» ተብሎ ሊነገር ይገባዋል። በስፕሪንት የመሥራት ስልት የሆነው የስክራም መመሪያም እ.ኤ.አ. በ2011 ለስፕሪንት የሚያዘውን ሥራ ቃል ኪዳን ማለቱን ትቶ ትንበያ ብሎታል።

የከፋው ስሕተት ግን የሁለቱም ነው፤ እሱም 5 ነው። ጄምስ ግሬኒንግ እ.ኤ.አ. በ2002 ባቀረበው፣ ፕላኒንግ ፖከር በሚባለው በካርድ ነጥብ የመስጫ ዘዴ፣ ካርዶቹ በአንድ ጊዜ የሚገለጡት፣ ትንሹንና ትልቁን ቁጥር የሰጡት ሰዎች ምክንያታቸውን እንዲናገሩ እንጂ መሐሉ እንዲወሰድ አይደለም። ወጣቱ የነጋዴው ማተሚያ የግዕዝ ፊደል እንደሌለው፣ «ሚስማር» የሚለው ቃል አራት ባዶ ሳጥን ሆኖ እንደሚወጣ፣ ስለዚህም ጽሑፉ ወደ ሥዕል ተለውጦ መላክ እንዳለበት ያን ዕለት ያውቅ ነበር። 13 ያለውም ለዚሁ ነው።

ለምን እንዳልተናገረ ስጠይቀው «ስብሰባው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ቀርቶት ነበር» አለኝ።