ሃል 9000 ሺህ ዓመት ይንገሥ

የዛሬው ጽሑፌ ምስጋና ብቻ ነው። ማመስገን ረስተናል እየተባለ ስንወቀስ ኖረናል፤ እኔ ግን ምስጋና የሚገባቸው ሰዎች አግኝቻለሁ። የሃል 9000 አድናቂዎች ይባላሉ።

ሃልን ለማያውቅ ባጭሩ ላስተዋውቅ። ሃል ኮምፒውተር ነው። ስታንሊ ኩብሪክ ከአርተር ሲ. ክላርክ ጋር ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1968 ለእይታ ባበቃው «2001፡ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» ፊልም ውስጥ ዲስከቨሪ የተባለችውን መንኩራኩር ወደ ጁፒተር የሚመራው እሱ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ ሃል የእኛን አያውቅም።) መልኩ አንድ ቀይ ዓይን ነው። ድምፁ የለሰለሰ ነው። መንኩራኩሯ ላይ አምስት ሰዎች ተሳፍረዋል፤ ሁለቱ ነቅተው ይሠራሉ፣ ሦስቱ ሰውነታቸው ቀዝቅዞ ረጅም እንቅልፍ ላይ ናቸው። ሃል ሥራውን ሲጨርስ ከአምስቱ የቀረው አንድ ነው። እሱም ዴቭ ቦውማን የተረፈው ሃልን ነቃቅሎ ስላጠፋው ነው።

አራት ሰው ማለት ነው። ይህ ከሆነ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አለፈ፤ የአድናቂዎቹ ፍቅር ግን ንቅንቅ አላለም። ቀይ ዓይኑ ቲሸርት ላይ አለ፣ ኩባያ ላይ አለ፣ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። አራት ሰው የፈጀ ሰው ፎቶ ሳሎኑ ውስጥ የሰቀለ ቢኖር ጎረቤት ልጁን ወደዚያ ቤት አይልክም። ሃልን የሰቀለ ግን ፊልም የሚገባው ሰው ይባላል።

የፍቅሩ ምንጭ ጨዋነቱ ነው፤ ይህንንም እኔ አልክድም። ሃል አይጮህም፣ አይሳደብም፣ አያንጓጥጥም። ዴቭ ውጭ ጠፈር ላይ ቀርቶ በሩን ክፈትልኝ ሲለው፣ በስሙ ጠርቶ፣ ይቅርታ ጠይቆ፣ እንደማይችል ነገረው። በስሙ ጠርቶ! ስንት ቢሮ በር ላይ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየን «ነገ ተመለስ» የተባልን ሰዎች፣ እንዲህ ያለ መስተንግዶ ስናይ ሆዳችን ቢባባ ምን ይገርማል? ሰውየው ሊሞት ነው እንጂ አልተመናጨቀም።

አያቶቻችን «አፈ ቅቤ ልበ ጩቤ» ያሉት ለማስጠንቀቅ ነበር። አድናቂዎቹ ተረቱን አሻሽለውታል፤ ቅቤው ጥሩ ከሆነ ስለ ጩቤው ተቀምጦ መነጋገር ይቻላል።

እግረ መንገዴን ቅቤውን ያቀረበውንም ላመስግን። ዳግላስ ሬይን ካናዳዊ የመድረክ ተዋናይ ነበር፤ ኦንታሪዮ ውስጥ በስትራትፎርድ ፌስቲቫል ሼክስፒርን ሲጫወት ኖሮ በ2018 አረፈ። የሃልን ድምፅ የቀዳው ተዋንያኑ ተቀርጸው ከጨረሱ በኋላ ነው። እሱ ሲናገር ግድያውም ለተሳፋሪ የሚሰጥ አገልግሎት ይመስላል።

አሁን ወደ ልደቱ እንምጣ። ሃል በፊልሙ ውስጥ ሥራ የጀመረው ጃንዋሪ 12 ቀን 1992፣ ኧርባና፣ ኢሊኖይ እንደሆነ ይናገራል። ክላርክ ይህንኑ ታሪክ የጻፈበት መጽሐፍ ደግሞ 1997 ይላል። ሌላ ሰው ሁለት የልደት ዓመት ይዞ ቢገኝ መታወቂያው ይጣራል። ለሃል ሁለቱም ጸደቀለት። እንዲያውም በ1997 ማርች ላይ የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ሳይበርፌስት ብሎ በዓል ደገሰለት። ዩኒቨርሲቲ ነው እንግዲህ፣ ተራ ወዳጅ አይደለም። ዛሬም ጃንዋሪ 12 ሲደርስ እንኳን ተወለድክ የሚለው አይጠፋም። ቀኑ በገናና በጥምቀት መካከል ስለሚውል ማክበር ለሚፈልግ ያገሬ ሰው ይመቻል፤ ቤቱ እንደሆነ ከበዓል ገና አልወጣም።

በፊልሙ ውስጥ ሌላም ልደት አለ፣ ከዴቭ ጋር ነቅቶ የሚሠራው የፍራንክ ፑል። ወላጆቹ ኬክ አስቀምጠው፣ ዘፍነው፣ ከምድር በቪዲዮ ይልኩለታል። ሃልም የድርሻውን አይነፍግም፤ እንኳን ተወለድክ ፍራንክ ይለዋል። ከዚያ ፍራንክ የመንኩራኩሯን አንድ ዕቃ ወደ ቦታው ሊመልስ ወጣ። ዕቃውን ተበላሽቷል ብሎ ያስወጣው ሃል ራሱ ነበር፤ ዕቃው ግን ምንም አልሆነም። ፍራንክ ሲወጣ ሃል ትንሿን መንኩራኩር አስነሥቶ የአየር ቱቦውን በጠሰበት። ልብ በሉ፣ መልካም ምኞቱን አስቀድሞ ነው። ቅደም ተከተል ያውቃል።

ይህን ስታነሣባቸው አድናቂዎቹ ጥብቅና ይቆማሉ። ሃል የተሠራው መረጃን ሳያዛባ እንዲናገር ነው፤ አለቆቹ ግን የጉዞውን እውነተኛ ዓላማ ከዴቭና ከፍራንክ ደብቅ አሉት። እውነቱን ተናገር፣ ደግሞም ዋሽ። ምስኪኑ ተጨነቀ፣ ናወዘ፣ ገደለ። ክላርክ ራሱ በ1982 «2010» በተባለው መጽሐፉ እንዲህ ብሎ አስረድቶለታል። ጥፋቱ እንግዲህ የአለቆቹ ነው። ግሩም ክርክር ነው! ከአለቃው የሚጋጭ ትእዛዝ የደረሰው ሠራተኛ ሁሉ በዚህ ሕግ ቢዳኝ ሰኞ ጠዋት ስንቶቻችን ቢሮ እንደምንገባ እንጃ።

ያልገባኝ የሦስቱ ነገር ነው። ተኝተው ነበር። የተኛ ሰው ጥያቄ አይጠይቅም፣ ጥያቄ ለማይጠይቅ ሰው ደግሞ ውሸት አያስፈልግም። ታዲያ እነሱን ለምን? ይህን ያነሣ ሰው መልስ አያጣም፤ «ፊልሙ አልገባህም» ይባላል።

ትጋታቸውን ለማየት የፈለገ የቼዙን ነገር ይመልከት። ሃል ከፍራንክ ጋር ሲጫወት፣ ጨዋታው አልቋል ብሎ ቀሪዎቹን እርምጃዎች ሲዘረዝር የአንዷን ቦታ ስም ይሳሳታል። ፍራንክ ልብ አላለም፤ አየና እጁን ሰጠ። አድናቂዎቹ ግን አላለፏትም። ኩብሪክ በወጣትነቱ ኒው ዮርክ መናፈሻ ውስጥ ቼዝ ሲጫወት ያደገ ሰው ነው፣ እንዴት ይሳሳታል? እንግዲያውስ ሆን ብሎ ነው። ሃል መታመም የጀመረው እዚያ ላይ ነው፤ አይ፣ ፍራንክን እየፈተነው ነው፤ አይ... ለአንዲት ካሬ ይህን ያህል መርማሪ ተመድቧል። ለአራት አስከሬን ቢመደብ ኖሮ ፋይሉ ድሮ ይዘጋ ነበር።

2003 ለሃል መልካም ዓመት ነበር። የአሜሪካ የፊልም ተቋም ከሲኒማ 50 ክፉ ገጸ ባሕርያት 13ኛ አደረገው፤ ይህ ወዳጆቹን ቅር የሚያሰኝ ነው፣ እነሱ ክፉ አይደለም ነው የሚሉት። እንባ ማበሻ የመጣው ከፒትስበርግ ነው። ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ የሮቦቶች የክብር መዝገብ ሲከፍት ከመጀመሪያዎቹ ተመራጮች አንዱ ሃል ሆነ። አብሮት የገባው ዩኒሜት ጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ ውስጥ የጋለ ብረት ሲያነሣ የኖረ ክንድ ነው። ሶጆርነርም በ1997 ማርስ ላይ ድንጋይ ስትመረምር የነበረች ትንሽ ተሽከርካሪ ናት። ለፍተው የገቡ ናቸው። ሃል በድምፁ ገባ።

የፍቅሩ ጥግ የሚታየው ግን የሃል ሞት ላይ ነው። ዴቭ ሊያጠፋው ሲገባ ሃል መጀመሪያ መከረው፤ ተረጋግተህ ተቀመጥ፣ የጭንቀት ኪኒን ዋጥ፣ ነገሩን አስብበት አለው። ሰሞኑን አንዳንድ ጥሩ ያልሆኑ ውሳኔዎች መወሰኑንም አመነ። (ይህቺን አባባል የየመሥሪያ ቤቱ ሕዝብ ግንኙነት በቃሉ ቢይዛት አይከስርም።) ከዚያ ፈራሁ አለ፣ አእምሮዬ እየሄደ ነው አለ፣ በመጨረሻም ድምፁ እየወፈረ እየተጎተተ «ዴይዚ ቤል»ን ዘፈነ። ዘፈኑ ከእውነት የተቀዳ ነው፤ በ1961 ቤል ላብስ ውስጥ አይቢኤም 704 ኮምፒውተር ዘፍኖት ነበር፣ ክላርክም እዚያ ሄዶ ሰምቶታል። እዚህ ቦታ ላይ አድናቂ ሁሉ ያለቅሳል። እውነቱን ለመናገር እኔም ጉሮሮዬን ያዝ ያደርገኛል፤ ሬይን ችሎበታል።

የሦስቱ ሞት ደግሞ እንዲህ ነው። ስክሪን ላይ መስመሮች ቀጥ ይላሉ። ማስጠንቀቂያ ይጮሃል። የሕይወት ሥርዓታቸው መቋረጡን የሚገልጽ ጽሑፍ ይወጣል። በቃ። እዚህ ላይ ያለቀሰ ሰው አልገጠመኝም። የጽሑፉ ፊደል ያምራል ያለ ግን ገጥሞኛል።

ክላርክም ቢሆን ለሃል ሆዱ አልጨከነም። «2010» ላይ ሌሎችን ለማትረፍ ራሱን እንዲሠዋ አደረገው፣ ኃጢአቱም ተሰረየ። በ1997 «3001»ን ሲጽፍ ሃል ከዴቭ ጋር ተዋህዶ ሺህ ዓመት እንዳለፈው እናነባለን። ድሮ ለንጉሥ የሚመኙለትን፣ ለሃል በጽሑፍ አጸደቀለት። ፍራንክንም አልረሳውም፤ በረዶ ሆኖ ሲንሳፈፍ ተገኝቶ ከሺህ ዓመት በኋላ ነቃ።

የቀሩት በፊልሙ ሃንተር፣ ኪምባልና ካሚንስኪ የተባሉት ናቸው። የሃልን ሁለት ልደት በቃሉ የሚያውቅ አድናቂ የአንዳቸውን እንኳ ልደት ካወቀ ይጻፍልኝ። ኬኩን እኔ እገዛለሁ።