ጌሾ ለምሬት ብቻ አይደለም
ስለ ጠላ የቀረበው ጽሑፍ ላይ ጸሐፊው «ጌሾ ጠላ ውስጥ የሚገባው ለምሬት ብቻ ነው» ያሉት አልተዋጠልኝም። ቢራ ጠማቂ እርሾውን ለብቻው ይጨምራል። ደሴ እኛ ሰፈር ግን ለጠላ ብሎ እርሾ የሚገዛ የለም። የተወቀጠ ጌሾ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ጥንስሱ ራሱ መፍላት ይጀምራል። እርሾው ከጌሾው ጋር ነው የሚመጣው። ብቅሉና ቂጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ከላይ በአስተያየትህ «የቤት ጠላ ወዲያው ይኮመጥጣል» ላልከው ወንድሜ፣ ጥፋቱን ጋኑ ላይ ፈልግ። እናቴ በግራዋ ፈትጋ ታጥበዋለች፣ የወይራ ጭስ ላይ ትደፋዋለች፣ ድፍድፉ ከገባ በኋላ አፉን በጭቃ ትመርገዋለች። አየር እንደልቡ ከገባበትማ ሆምጣጤ ነው። ደግሞ ጸሐፊው ወሎን አንስተው ከገብስ የሚጠመቀውን ቀሪቦን መዝለላቸው ምን ይሉታል? ጠላ የማይገባበት ቤትም እኮ ገብሱን አሳርሮ ቆልቶ ቀሪቦ ይጠምቃል። የሱቅ እርሾ የሚገባውስ እሱ ውስጥ ነው።