ሩት ነጋን ያሳደጋት መድረክ ነው

ባለፈው እሑድ ጣና ዳር ቁጭ ብለን ቡና እንጠጣ ነበር። እኔ፣ እህቴና የእህቴ ልጅ። ልጅቷ 16 ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤቷ ድራማ ክበብ ውስጥ አለች፤ ዘንድሮ ደግሞ ከሰፈር ልጆች ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ የቲያትር ልምምድ ጀምራለች። የእናት ገጸ ባሕርይ ነው የደረሳት። እህቴ ነገሩን አልወደደችውም። «እስቲ ተዋናይ ሆኖ እንጀራ የበላ ሰው አሳይኝ» አለችኝ፣ ልጅቷ እየሰማች። እኔም ቶሎ ብዬ የሩት ነጋን ስም ጠራሁ። እህቴ ወዲያው «እሷ እኮ በ4 ዓመቷ ከአገር የወጣች፣ እናቷ ፈረንጅ የሆነች፤ ምኗ ከኛ ጋር ይገናኛል?» አለች። ዝም አልኩ። መልሱ የመጣልኝ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው፤ ረዘም ስለሚል እዚህ ጻፍኩት።

ለማያውቃት በአጭሩ። ሩት ነጋ የተወለደችው አዲስ አበባ ነው። አባቷ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ነበሩ፣ እናቷ ደግሞ አየርላንዳዊት ነርስ። በ4 ዓመቷ ወደ አየርላንድ ሄደች። አባቷ እዚሁ ቀሩ፤ እሷ 7 ዓመቷ እያለ በመኪና አደጋ ሞቱ። ያደገችበት ከተማ ሊመሪክ ይባላል፤ የአየርላንድ ረጅሙ ወንዝ ሻነን የሚያልፍባት ከተማ ናት፣ ዋና ከተማ አይደለችም። ይሄን ሳነብ እኛን አሰብኩ። እኛም ዓባይ ከጣና የሚወጣበት አፍ ላይ ነን፤ እኛም ከዋና ከተማው ራቅ ያልን ነን፤ እዚህም ልጅ ትልቅ ነገር ስታልም «አዲስ አበባ ሂጂ» ነው የምትባለው።

በ2017 ለኦስካር በምርጥ ተዋናይት ዘርፍ ስትታጭ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) ፌስቡኩ ሁሉ «የኛ ልጅ» ብሎ ነበር። እኔም ብያለሁ። ስሟ ራሱ እኮ የጎረቤት ስም ነው፤ ነጋ። ነገር ግን ያኔ ያየናት መጨረሻ ላይ ነው። ቀይ ምንጣፍ ላይ ስትቆም አየን፣ ተደሰትን፣ አለፍን። ከዚያ በፊት የነበሩትን 14 ምናምን ዓመታት ማን አየ? ለእህቴ መንገር የነበረብኝ የእነዚያን ዓመታት ነገር ነው።

ሩት ትወና የተማረችው ደብሊን፣ ትሪኒቲ ኮሌጅ ነው። ተመርቃ በቀጥታ ፊልም ውስጥ አልገባችም፤ መድረክ ላይ ወጣች። ገና በ20ዎቹ መጀመሪያ ላይ እያለች፣ ለንደን ውስጥ በመድረክ ሥራዋ ለኦሊቪየር፣ ለእንግሊዞቹ የቲያትር ሽልማት፣ በተስፋ ሰጪ ጀማሪነት ታጨች። በ2005 በአየርላንዳዊው ዳይሬክተር በኒል ጆርዳን ፊልም ላይ ሠራች። በ2006 የበርሊን ፊልም ፌስቲቫል በየዓመቱ ከአውሮፓ አገራት ከሚመርጣቸው ወጣት ተዋናዮች መካከል የአየርላንዷ እሷ ሆነች። ከዚያ በኋላ ወደ ሆሊውድ በረረች ብላችሁ ከጠበቃችሁ ተሳስታችኋል። በ2009 የምናገኛት ለንደን፣ ብሔራዊ ቲያትሩ ውስጥ፣ ከሄለን ሚረን ጋር መድረክ ላይ ነው። በ2011 እንደገና ለንደን፣ ኦልድ ቪክ በሚባለው ቲያትር ቤት፣ የአየርላንዶችን የታወቀ ተውኔት ስትጫወት። በዚያው ዓመት በቢቢሲ የቴሌቪዥን ፊልም ዘፋኟን ሸርሊ ባሲን ሆና ሠራች፤ በዚህም የአየርላንድ የፊልምና ቴሌቪዥን አካዳሚ ሸለማት። በመሀል ተከታታይ ድራማዎች አሉ፣ ትንንሽ ሚናዎች አሉ። ዓለም ያወቃት በ2016 «ላቪንግ» በሚለው ፊልም ነው።

እዚህ ላይ ቆም ልበል። የጎጃም ሰው ይሄን ዓይነት ሕይወት ያውቀዋል፤ የቆሎ ተማሪ ሕይወት ነው። ቅኔ ሊማር የወጣ ልጅ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን ይዞ፣ ዋሸራ ይሄዳል፣ ጎንጅ ይሄዳል፣ ዲማ ይሄዳል። በለመነው እህል ያድራል። ቅኔውን ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፣ መምህሩ ያርሙታል፣ በማግስቱ ሌላ ቆጥሮ ይመጣል። ዓመታት ይፈጃል። ማንም «ይሄ ልጅ ለምን አንድ ቦታ አይቀመጥም?» አይለውም፤ እንዲያውም የዞረ ሰው ነው የሚከበረው፣ ከየመምህሩ የቀሰመው አለና። ሩት ከሊመሪክ ደብሊን፣ ከደብሊን ለንደን፣ ከለንደን ቨርጂኒያና ኒው ዮርክ የዞረችው እንደዚያ ነው። በየደረሰችበት ሌላ አዘጋጅ፣ ሌላ ተመልካች፣ ሌላ እርማት ነው የጠበቃት። እህቴ ሆይ፣ የገዛ አያታችን ወንድም በዚያ መንገድ ነው መሪጌታ የሆኑት። ያኔም «እንጀራ የማይበላበት» ተብሎ ነበር።

አሁን ስለ አነጋገር ላውራ፣ ምክንያቱም ይሄ ሁልጊዜ ሆዴን የሚበላኝ ነገር ነው።

ሩት የምትናገረው የአየርላንድ እንግሊዝኛ ነው። ሸርሊ ባሲን ለመሆን የዌልስ ሴት መሆን ነበረባት። «ላቪንግ» ላይ የተጫወተቻት ሚልድረድ ላቪንግ ደግሞ በ1958 ነጭ ሰው በማግባቷ ከባሏ ጋር የታሰረች የቨርጂኒያ ገጠር ሴት ናት፤ ጉዳያቸው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1967 ነው በየግዛቱ የነበረው ነጭ ከሌላ ዘር ጋር እንዳይጋባ የሚከለክል ሕግ የተሻረው። ሚልድረድ ብዙ አትናገርም። አንገቷን ደፋ አድርጋ፣ ቃሉን ቆጥባ፣ ለስለስ አድርጋ ነው የምታወራው። ሩት ያንን ድምፅ ከየት አመጣችው? በጆሮዋ ተምራ ነው። የሰውን አነጋገር አክብሮ መማር የሙያው ግማሽ ነው። ያቺን ሴት ስታዩ በአነጋገሯ አትስቁም፤ ታምኗታላችሁ።

እኛ ጋ ምን ይደረጋል? ድራማ ላይ አንድ ሰው በጎጃም ቅላጼ ከተናገረ፣ ያ ሰው ወይ የቤት ሠራተኛ ነው፣ ወይ ዘበኛ፣ ወይ ከተማ የጠፋበት ባላገር። ገና አፉን ሲከፍት ሳቅ ይጀመራል። ሐኪም ሆኖ በጎጃም ቅላጼ የሚያወራ ገጸ ባሕርይ መቼ አየን? ባሕር ዳር ሐኪሞቹ እንደዚያ ነው የሚያወሩት፣ ዳኞቹም መምህራኑም። እኔ 10ኛ ክፍል እያለሁ በትምህርት ቤት ድራማ ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶች ፊት ተጫውቼ ነበር። ያለቀስኩበት ትዕይንት ላይ ሰው ሳቀ። ትወናዬ አልነበረም ያሳቃቸው፣ አነጋገሬ ነው። ከዚያ በኋላ መድረክ አልወጣሁም። የእህቴ ልጅ ደግሞ አሁን ለልምምድ ስትዘጋጅ ድምፅዋን ወደ አዲስ አበባ አነጋገር ስታጣምም ሰማኋት። የምትጫወታት እናት የጣና ዳር እናት ናት! «በእናትሽ ድምፅ ተናገሪ» አልኳት። ማስተካከል የሚፈልገው የሚስቀው ሰው ነው፣ ልጅቷ አይደለችም።

ሌላም አለ። ስሟ በዓለም ከታወቀ በኋላ ሩት ምን አደረገች? ተመልሳ መድረክ ላይ ወጣች። በ2018 ደብሊን፣ በ1928 በተመሠረተው በጌት ቲያትር፣ በሼክስፒር ተውኔት ሐምሌትን ተጫወተች። የሴቷን ሚና፣ ኦፌሊያን አይደለም፤ ራሱን ሐምሌትን፣ ልዑሉን። በ2020 ያንኑ ይዛ ብሩክሊን ሄደች። በ2022 ብሮድዌይ ላይ ከዳንኤል ክሬግ ጋር በማክቤዝ እመቤት ማክቤዝን ተጫውታ ለቶኒ፣ ለአሜሪካኖቹ የቲያትር ሽልማት፣ ታጨች። በመሀል በ2021 በጥቁርና ነጭ የተቀረጸ ፊልም ሠርታ ለባፍታ፣ ለእንግሊዞቹ የፊልም ሽልማት፣ ታጭታለች። ኦስካር የታጨ ሰው በየቀኑ ማታ ማታ እየመጣ፣ ሦስት ሰዓት ያህል ላብ በላብ ሆኖ፣ ቢሳሳት «ከት» የሚልለት በሌለበት የሚቆመው ለምን ይመስላችኋል? ካሜራ ከዓይንሽ ትንሽ ነገር ይበቃዋል፤ መድረክ ግን የመጨረሻው ወንበር ላይ ያለውም ሰው እንዲሰማሽ ይፈልጋል። ሁለቱን የምትችል ሴት እንደዚህ እየተመላለሰች ነው የምትችለው።

ሐምሌት ደግሞ ለኛም እንግዳ አይደለም። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ መልሰውታል፣ በአማርኛ መድረክ ላይ ቆሟል። እኛ ጋ ቲያትር ሲጀመር የሴት ሚና የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ፤ ቀሚስ ለብሰው፣ ሻሽ አስረው። ሴት መድረክ ላይ መውጣት ነውር ነበራ። እነ አስናቀች ወርቁ ያንን ነውር ተሸክመው ነው የወጡት፤ ክራራቸውንም ትወናቸውንም ይዘው። ዛሬ አዲስ አበባ የተወለደች ሴት የዴንማርኩን ልዑል ሆና ደብሊን መድረክ ላይ ስትቆም፣ እኔ በመሀል ያለውን መንገድ ሳስበው ዓይኔ እንባ ይሞላል። ታዲያ ያንን መንገድ ለእህቴ ልጅ በምን ልቤ ልዝጋባት?

የእህቴን ፍርሃት ግን አላጣጥልም። እውነት አላት። ገንዘቡ የለም። ላለፉት ዓመታት በከተማችን ማታ መውጣት ራሱ ቀላል አልነበረም፣ ቲያትር ደግሞ የማታ ነገር ነው። ስሙም አለ፤ «አዝማሪ ልትሆኚ ነው?» የሚለው። በሠርጋችን አዝማሪውን እናስጠራለን፣ ግጥም እንሰጣለን፣ ብር ግንባሩ ላይ እንለጥፋለን፣ የገዛ ልጃችን ግን እንዳትሆን እንጸልያለን። ይሄ ነገር ያሳዝነኛል።

ስለ ገንዘቡ ግን አንድ ነገር ልበል። አየርላንድ ሀብታም ስለሆነች ነው እንላለን። አሁን አዎ። ነገር ግን የደብሊኑ አቢ ቲያትር ከመንግሥት ዓመታዊ ድጎማ ማግኘት የጀመረው በ1925 ነው፤ ያቺ አገር ገና ከእርስ በርስ ጦርነት በወጣች በሁለት ዓመቷ። ድሃ ነበሩ። ሰዋቸው በመርከብ እየተሰደደ ነበር። ሕዝባቸው ዛሬም 5 ሚሊዮን ገደማ ነው። በ2022 ደግሞ ለ2 ሺህ አርቲስቶች በየሳምንቱ 325 ዩሮ እየከፈሉ የሙከራ ፕሮግራም ጀመሩ፤ ሥራ ሲጠፋ ሙያቸውን እንዳይተዉ። መድረክን እንደ መንገድና እንደ ውኃ ቆጥረውታል ማለት ነው። ሩት «በዕድሏ» የወጣች ይመስለናል፤ ዕድልም አላት፣ ተሰጥኦም አላት፣ ግን ስታድግ የሚከፈት በር ያለው ቤት ከተማዋ አጠገብ ነበረ።

እኛም ባዶ እጃችንን አይደለንም። ሙሉዓለም የባህል ማዕከል አለን። አዳራሽ አለ፣ ሙያተኛ አለ፣ የቲያትር ፍቅር ያለው ሕዝብ አለ። የሚያስፈልገው ያ መድረክ ለስብሰባ ብቻ እንዳይውል፣ ለወጣቶች በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ በነጻ እንዲከፈት ነው። ከሰዓት በኋላ ያልኩት በምክንያት ነው፤ በቀን ከሆነ እናቶች አይሰጉም። አንድ ተውኔት አንድ ሳምንት ታይቶ ከሚቀር ደግሞ በሞባይልም ቢሆን በደንብ ተቀርጾ ይቀመጥ። ከላይ ያልኩት ሩት የተጫወተችበት የ2009ኙ የለንደን ትዕይንት ብሔራዊ ቲያትሩ ለመጀመሪያ ጊዜ በቀጥታ ወደ ሲኒማ ቤቶች ያስተላለፈው ነው፤ በሌሎች አገራት ያሉ ሰዎች ሳይቀሩ በያሉበት ሆነው አዩት። የእኛ ልጆች ሥራ እንኳን ሌላ አገር ሊደርስ፣ ጎንደርና ደብረ ማርቆስም አይደርስም።

ቋንቋችን ያግደናል የሚሉም አሉ። አያግድም። በ2014 «ድፍረት» የሚለው ፊልም፣ ሜሮን ጌትነት ጠበቃዋን ሆና የተጫወተችበት፣ በአማርኛ ነው የተሠራው፤ አሜሪካ፣ ሰንዳንስ የፊልም ፌስቲቫል ሄዶ የተመልካች ሽልማት ይዞ መጣ።

ትናንት ማታ ይሄን ሁሉ ለእህቴ በስልክ ነገርኳት፣ ሳያልቅ ኔትወርክ ተቋረጠ። ዛሬ ጠዋት ቤቷ ሄድኩ። «እታለም፣ ቅዳሜ በ9 ሰዓት ልምምድ አላት፤ በባጃጅ እኔ አደርሳታለሁ፣ 12 ሰዓት ሳይሞላ እመልሳታለሁ» አልኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቀና አላለችም። ደስ እንዳላላት ያስታውቃል። ትንሽ ቆይታ ግን ልጅቷን ጠራቻትና «እናት ነኝ ብለሽ በዚያ ሻርፕ ነው የምትወጪው?» አለቻት። ተነስታ እጇን ታጠበች፣ ሳጥኗን ከፈተች፣ የራሷን ነጠላ አውጥታ ትከሻዋ ላይ አደረገችላት። ከዚያ ጥለቱ በየት በኩል መዋል እንዳለበት ታስተካክልላት ጀመር።