7 ዩሮ ያለው ዓሣ 63 ዩሮ የሚሆነው እንዴት ነው?

የጣሊያን ምግብ ቤቶች የዋጋ አጻጻፍ እንግዳን ሰው እንዴት እንደሚያቃጥል! ከዓሣው ስም ጎን 7 ዩሮ ይላል፤ አጠገቡ በደቃቅ ፊደል «ኤቶ» የምትል ቃል አለች። ኤቶ ማለት 100 ግራም ነው። የሚመዘነው ደግሞ ሳይበስል፣ ከነጭንቅላቱና ከነአጥንቱ ነው። 900 ግራም ከሆነ 63 ዩሮ መጣ ማለት ነው። በ7 ዩሮ እበላለሁ ብሎ የተቀመጠ ሰው ምን ይዋጠው? አስተናጋጁ ጥሬውን አምጥቶ ሲያሳያችሁ ዝም ብላችሁ ራሳችሁን አትነቅንቁ፤ ስንት እንደሚመዝንና ጠቅላላው ስንት እንደሚመጣ እዚያው ጠይቁት። አንዴ እሳት ላይ ከወጣ መከራከር ዋጋ የለውም። የፍሎረንስ ስቴክም በክብደት ነው የሚሸጠው፤ አንዱ ቁራጭ ብዙ ጊዜ ከ1 ኪሎ ያልፋል።

ደግሞ «ኮፐርቶ» አለ። ለዳቦና ለገበታ ተብሎ በነፍስ ወከፍ የሚጠየቅ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 3 ዩሮ። ዳቦውን ባትነኩትም ትከፍላላችሁ፤ ጉርሻም አይደለም። ሮም ያለችበት የላትዚዮ ክልል እ.ኤ.አ. በ2006 በሕግ ከልክሎታል፤ ግን እዚያም «ፓኔ» ማለትም ዳቦ ተብሎ ሒሳቡ ውስጥ ይገባል። እዚያ ዳቦውን ካልፈለጋችሁ ገና ሲቀርብ መልሱት።

«ሰርቪሲዮ» የሚል መስመር ካያችሁ የአገልግሎቱ ክፍያ ተካቷል፤ በዚያ ላይ ጉርሻ መጨመር ግዴታ የለባችሁም። ይህን የሚነግር ሰው አለመኖሩ ነው የሚያናድደው!